መጀመሪያ ጃኬት፣ ቀጥሎ ብሎክ ሂተር

ጥቅምት ሲጋመስ ስልኬ እረፍት ያጣል። የሚደውሉት አዲስ የመጡ ልጆች ናቸው፤ ገሚሱ ከአዲስ አበባ፣ ገሚሱ ከካርቱም፣ አንዳንዱም ከቶሮንቶ። ከቶሮንቶ የመጡት "ብርዱን እንኳ ለምደነዋል" ይላሉ። እስኪያዩት ነው። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ "መኪና ገዝቻለሁ፣ ለዊንተር ምን ልጨምርበት?" አንዱ በሪሞት የሚነሳ መኪና አይቶ ልቡ ሸፍቷል። ሌላዋ የመቀመጫ ማሞቂያ ኦንላይን አዝዛለች። የእኔ መልስ አይቀየርም። መጀመሪያ ብሎክ ሂተር፣ ማለትም የሞተር ማሞቂያ። ቀጥሎ የዊንተር ጎማ። ሌላው ኪስ ሲፈቅድ።

ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

የምኖረው ኤድመንተን፣ አልበርታ ነው። አገር ቤት ላዳ ታክሲ እነዳ ነበር። እዚህ ዕድሜ የጠገበች ኮሮላ አለችኝ። ጋራዥ የለኝም፤ የምታድረው ውጭ ነው። የምሠራው የአዛውንቶች መንከባከቢያ ቤት ሲሆን ጠዋት 1 ሰዓት ሳይሞላ መድረስ አለብኝ። ሌሊቱን የሠራችው ልጅ እኔ ሳልተካት ወደ ቤቷ መሄድ አትችልም። ስለዚህ መኪናዬ "ዛሬ አልነሳም" ካለች የምታስቀረው እኔን ብቻ አይደለም።

ላዳን ካነሳሁ አይቀር፤ ያኔ ከመኪናዋ ጋር ማኖቬላ አብሮ ይመጣ ነበር። ከፊት ሰክተህ በእጅ የምታዞረው ብረት። እኛ ባትሪ ሲደክም ነበር የምናወጣው፣ ያም ካልሆነ በግፊ እናስነሳታለን። ሩሲያኖቹ ያንን ብረት ለምን እንዳልረሱት የገባኝ ኤድመንተን ከገባሁ በኋላ ነው።

ወደ ዕቃው ልምጣ። ብሎክ ሂተር ሞተሩ ውስጥ የተቀበረ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። አገር ቤት ባልዲ ውስጥ እየነከርን የገላ መታጠቢያ ውሃ የምናሞቅበትን ዕቃ አስታውሱት፤ ሥራው ያው ነው። ሞተሩ ውስጥ ያለውን ውሃና አንቲፍሪዝ ያሞቃል። ውሃው ብረቱን፣ ብረቱ ዘይቱን ያሞቃል። ከዚያ የሚወጣው ሽቦ በመኪናው ፊት፣ በፍርግርጉ በኩል ተንጠልጥሎ ይታያል። እሱን ከግድግዳ ሶኬት ጋር ማገናኘት ነው። አንድ የዳላስ ዘመዴ ሊጠይቀን መጥቶ ፓርኪንጉን ሲያይ፣ "እናንተ ጋ ሁሉም መኪና የኤሌክትሪክ ነው እንዴ?" ብሎናል።

ለምን እንደሚያስፈልግ ልንገራችሁ። ማይነስ 30 ላይ የሞተር ዘይት ይወፍራል። ሞተሪኖው ሞተሩን ለማዞር ከወትሮው በጣም የበዛ ጉልበት ይጠይቃል። ባትሪዋ ደግሞ በዚያው ሰዓት አቅሟ ከግማሽ በታች ወርዷል። የሚፈለገው ሲጨምር የሚገኘው ይቀንሳል ማለት ነው። አዲስ ባትሪ ስትገዙ ላይዋ ላይ የተጻፈው የብርድ ማስነሻ አምፔር የተለካው ማይነስ 18 ላይ ነው። እኛ ጋ ጃንዋሪ ውስጥ ማይነስ 18 ከሆነ ሰው "ዛሬስ ደህና ነው" ይባባላል።

ሳትሰካ ያደረች መኪና ማይነስ 35 ላይ ቁልፍ ሲዞርባት ድምፅዋ አንጀት ይበላል። እ… እ… እ… ትላለች፣ በመሃሉ እየረዘመ። የክሩስኮቱ መብራት ይደበዝዛል። ከዚያ ጠቅ፣ ጠቅ ብቻ ይቀራል። የተሰካችው ግን እንደዚህ አገር የሐምሌ ሙቀት ነው የምትነሳው፣ አንዴ ዞር ሲሉት። ሁለተኛው ትራፊክ መብራት ላይ ስደርስ እግሬ ላይ ሞቅ ያለ አየር ይመጣል። ሳትሰካ ስትነሳ ግን ሥራ ቦታ እስክደርስ የሚነፍስብኝ የፍሪጅ አየር ነው። ነዳጅም ይቆጥባል። የካናዳ መንግሥት የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ማይነስ 20 ላይ ቁጠባው እስከ 10 በመቶ ሊደርስ ይችላል ይላል። እኔ ደረሰኝ አላመሳከርኩም፤ ሞተሩ ቶሎ ሲሞቅ ቤንዚን እንደሚቀንስ ግን ማንም ሾፌር ያውቀዋል።

ሳስገጥም ከነእጅ ዋጋው ወደ 300 ዶላር ወጣብኝ። እንደ መኪናው ይለያያል። አንዳንዱ ሞተር ላይ እጅ ማስገቢያ ስለሌለ ጉልበቱ ከዕቃው ይበልጣል። መካኒኬ ሐበሻ ነው፤ አፉ ቁጥብ፣ እጁ ጥሩ። ሲጨርስ መለኪያውን አውጥቶ የሽቦውን ሁለት ጫፍ ነካ ነካ አደረገ። 36 ኦም አነበበ። "በ120 ቮልት 400 ዋት ማለት ነው። ይሠራል፣ ሂድ" አለኝ። ይቺን ነገር ያዟት። እዚህ አገር ያገለገለ መኪና ሲሸጥ "ብሎክ ሂተር አለው" ተብሎ ይጻፋል። ሽቦው ከፊት መንጠልጠሉ ግን ሂተሩ ይሠራል ማለት አይደለም። ከውስጥ ተቃጥሎ ዓመታት የተንጠለጠለ ስንት አለ። ሳትከፍሉ አስለኩ። መለኪያ ከሌለ ሰክታችሁ ጥቂት ጠብቁና ጆሯችሁን ወደ ኮፈኑ ጠጋ አድርጉ። ውሃ ሊፈላ ሲል የሚያሰማው ዓይነት ቀጭን ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ሽሽሽ ይላል። የሚሸት ነገር ካለ ንቀሉት።

ርካሹን ዘዴ የሚሸጡላችሁም አይጠፉም። የዘይት መለኪያው ዘንግ ቦታ የሚገባ ማሞቂያ አለ። በማግኔት ከሥር የሚለጠፍም አለ። ዋጋቸው ያጓጓል። ለሣር ማጨጃ ይሆኑ ይሆናል። ለመኪና ግን የሚሰጡት ሙቀት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

አሁን ማንም የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ሽቦውን። ሂተሩን ጥሩ አስገጥመው በኤክስቴንሽን የሚሰስቱ ብዙ ናቸው። መጀመሪያ የያዝኩት ብርቱካናማው፣ በየመደብሩ በር ላይ ተቆልሎ የሚሸጠው ነበር። መስከረም ላይ ለስላሳ ነው። ማይነስ 30 ሲመጣ ይደርቃል። ልጠቀልለው ስል በቆመበት ቀጥ ብሎ ቀረ። ጫን ስለው ልባሱ ተሰነጠቀና መዳቡ ታየ። እርጥብ በረዶ ላይ የተራቆተ መዳብ ምን እንደሚያደርግ መናገር አያስፈልግም። አሁን ያለኝ ሰማያዊ ነው፣ ለብርድ ተብሎ የተሠራ። ጥቅሉ ላይ እስከ ማይነስ 50 ይላል። ዋጋው የመጀመሪያውን እጥፍ ነው። ጠዋት በጓንት እጄ ስጠቀልለው ግን እንደ ልቤ ይታጠፋል። ስትገዙ ሦስት ጥርስ ያለው፣ ለውጭ የሚሆን፣ ቁጥሩ 14 ወይም 12 መሆኑን እዩ። ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። ቀጭኑ ራሱ ይሞቅና ሞተሩን ትቶ በረዶ ያቀልጣል።

ቅሬታዬም አለ። ከሂተሩ ጋር የመጣው የሶኬቱ የፕላስቲክ ክዳን ገና በመጀመሪያው ዊንተር ወልቆ ጠፋ። ክዳኑ ሲጠፋ የመንገድ ጨው ጥርሶቹ ላይ ይገባል፣ አረንጓዴ ዝገት ይይዛል። አሁን በኤሌክትሪክ ቅባት እያሸሁ ነው የምይዘው። ሦስት መቶ ዶላር አስከፍሎ የአምስት ሳንቲም ክዳን ላይ መሰሰት አልገባኝም። ለሂተሩ ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል ብቻ የምሰጠው ለዚህ ነው።

ታይመር የግድ ግዙ። ሰዉ ማታ 12 ሰዓት ከሥራ ሲገባ ይሰካና ጠዋት 12 ሰዓት ይነቅላል። ገንዘብ ማቃጠል ነው። ሦስት፣ ግፋ ቢል አራት ሰዓት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ የሚይዘውን ሙቀት ይዟል፤ የቀረው ለሰማይ ነው። የእኔ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይበራል፣ 12 ሰዓት ላይ እነሳለሁ። በ400 ዋት ሂሳቡ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቢሰካ 4.8 ይሆናል። ሙቀቱ ከማይነስ 15 በላይ ከሆነ ጨርሶ አልሰካም። ታይመሩም ለውጭ የተሠራ ይሁን፤ የቤት ውስጡ ባለ ጥርስ ክብ ታይመር በብርድ ይቆምና ጠዋት የሞተ መኪና ያስረክባችኋል።

የታይመር ነገር ከኪስም በላይ እንደሆነ ያየሁት በጃንዋሪ 2024 ነው። ያኔ ብርዱ ከማይነስ 40 በታች ወረደ። (ማይነስ 40 ላይ ሴልሺየስና ፋረንሃይት እኩል ናቸው፤ ሚኒሶታ ካለው ወንድሜ ጋር የማንከራከርበት ብቸኛው ቁጥር እሱ ነው።) ቅዳሜ ጃንዋሪ 13 ማታ የሁሉም ሰው ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ። የክፍለ ሀገሩ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ነው። የአልበርታ ኤሌክትሪክ እየተሟጠጠ ስለሆነ መብራት በፈረቃ እንዳይጠፋ የማያስፈልገውን ሁሉ አጥፉ ይላል። የኤሌክትሪክ ኃይሉን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ለሌላ ሰዓት አቆዩ ካላቸው ነገሮች መሃል ብሎክ ሂተር መሰካት አንዱ ነበር። ሰዉ ሰማ። በደቂቃዎች ውስጥ ፍጆታው በ200 ሜጋዋት ገደማ ቀነሰ። እኛ ሕንፃ ፓርኪንግ ውስጥ ሰዎች በፒጃማ ላይ ጃኬት ደርበው ወርደው ሲነቅሉ በመስኮት አይቻለሁ። የእኔ ታይመር እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ተኝቶ ነበር፤ መውረድም አላስፈለገኝ።

አፓርታማ የምትከራዩ ሰዎች፣ ውል ሳትፈርሙ ፓርኪንጉን ሄዳችሁ እዩ። ለእያንዳንዱ መኪና ሶኬት ያለው ምሰሶ መኖር አለበት። ሲያሳዩን ወጥ ቤቱን፣ መጋረጃውን እናያለን፤ ምሰሶውን የሚጠይቅ ሐበሻ አላጋጠመኝም። አንዳንዱ ሕንፃ ኤሌክትሪኩን በየተራ እያበራ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ አለው፣ ስለዚህ አንዴ ሰክታችሁ የለም ብላችሁ አትደንግጡ። በፊት የነበርኩበት ቤት ግን ምሰሶው በእውነት የሞተ ነበር። አስተዳዳሪው "ነገ ኤሌክትሪሺያን ይመጣል" እያሉ ዲሴምበርን አሻገሩን። በመጨረሻ ሽቦ ከሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ወደ ታች ዘረጋን። ሕጋዊ አይመስለኝም። መኪናዋ ግን ተነሳች።

ሂተሩ የማይረዳበት ቦታም አለ፤ ሶኬት የሌለበት ሁሉ። ለእኛ ከባዱ የገና ሌሊት ነው። ገናም ጥምቀትም በትክክል የብርዱ አናት ላይ ነው የሚውሉት። ማታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ትመጣላችሁ፣ ማኅሌቱ ይቆማል፣ ቅዳሴው ይቀጥላል፣ መኪናው ውጭ ስድስት ሰባት ሰዓት ይቆማል። የፓርኪንጉ ግድግዳ ላይ ያለችው ሶኬት አንድ ናት፤ እሷን የካህኑ መኪና ይዟታል፣ ይገባቸዋል። ስለዚህ በመሃሉ ወጣ እያልን ሞተር እናስነሳለን። ባለፈው ገና ጃኬቴን ስለብስ አንድ እናት አይተውኝ እጄን ያዝ አደረጉና፣ "ልጄ፣ የእኔንም አንዴ ሞቅ አድርግልኝ" ብለው ቁልፍ አስጨበጡኝ። ይህን ያዩ ሌሎች እናቶች ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ተከተሉ። በር ላይ ስደርስ ኪሴ በሰው ቁልፍ ተሞልቶ ይንሿሿል። የትኛው የማን እንደሆነ ለመለየት ውጭ ቆሜ ቁልፍ እየተጫንኩ የትኛው መኪና እንደሚያበራ ማየት ነበረብኝ። ማይነስ 33 ነበር። ሽፋሽፍቴ ተጣበቀ።

እንዲህ ላለ ቀን የምትያዝ ትንሽ የባትሪ ማስነሻ አለች፣ ከአንድ መጽሐፍ የማትበልጥ። ጥሩ ዕቃ ናት። ግን መኪና ውስጥ አታሳድሯት። እሷም ሊቲየም ባትሪ ናት፣ በብርድ ትደክማለች። እኔ ቤት ይዤ እገባለሁ፣ ስወጣ ጃኬቴ ውስጥ ትሆናለች።

በሪሞት ስለማስነሳት ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ምቾት ነው፣ አልክድም። መስታወቱ ቀልጦ፣ መቀመጫው ለስልሶ መግባት የመሰለ የለም። ነገር ግን ሪሞቱ የሚያዘው ያንኑ ባትሪና ያንኑ ሞተሪኖ ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘ ሪሞቱ ከአምስተኛ ፎቅ ሆነህ መኪናህ እንደማትነሳ ያሳውቅሃል፣ ያ ብቻ ነው ልዩነቱ። ሂተሩ ካለ በኋላ ግዙት። ቁልፍ ውስጥ ትቶ እያሞቁ ቡና ለመጠጣት መመለስ ግን በዚህ ከተማ ለሌባ መኪና አሙቆ ማስረከብ ነው።

ጎማ በአጭሩ። "ለሁሉም ወቅት" የሚባለው ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መጠንከር ይጀምራል። ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ መሃሉ የበረዶ ቅንጣት ያለው ምልክት ፈልጉ። አልበርታ አያስገድድም፤ ኩቤክ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ያስገድዳል። እኔ ያለኝ የፊንላንዱ ኖኪያን ሃካፔሊታ ነው። ድርጅቱ የዊንተር ጎማ መሥራት የጀመረው በ1934 ነው፣ ሥራውን ያውቃል። ውድ ነው፣ አልጸጸትም። አዳዲሶቹ የማያምኑኝ ነገር ቢኖር፣ ማይነስ 30 ላይ በረዶው ያን ያህል አያንሸራትትም። የሚያንሸራትተው ማይነስ 2 ነው፣ ላዩ ላይ ቀልጦ ሲያብረቀርቅ። ዋይትመድ በሚባለው የከተማችን ፈጣን መንገድ ላይ ተደርድረው ከመንገድ የሚወጡትን መኪኖች የማየው ብርዱ "በረድ" ባለ ቀን ነው። መስቀለኛ መንገድ ሲደርሱ ፍሬን አስቀድሞ፣ ቀስ ብሎ።

ወደ ካልጋሪ 300 ኪሎሜትሩን ስትነዱ ታንኩ ከግማሽ አይውረድ። ጋቢ፣ አካፋ፣ ሻማና ክብሪት ኋላ ይኑሩ። መንገድ ላይ ተቀብራችሁ ሞተር እያስነሳችሁ የምትሞቁ ከሆነ መጀመሪያ ወርዳችሁ የማርሚታውን አፍ ከበረዶ ጥረጉ። ጭሱ ወደ ውስጥ ከተመለሰ ሽታ የሌለው ጋዝ አብሮ ይገባል፣ እንቅልፍ መስሎ ይገድላል።

ሂተሩ ሁሉን አያደርግም። መስታወት አይጠርግም። ሲቆም በአንድ በኩል የተደፈጠጠው ጎማ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ዱብ ዱብ ማለቱን አይከለክልም። መሪው ያቃስታል፣ መቀመጫው ድንጋይ ነው። የክሩስኮቱ ስክሪን ቁጥር ለመቀየር ያስባል። ይህ ሁሉ ግን ከተነሳ መኪና ውስጥ ሆኖ የሚታይ ችግር ነው።

ማስገጠሙን መስከረም ላይ ጨርሱት። የመጀመሪያው ማይነስ 30 ከመጣ በኋላ ጋራዦቹ ቀጠሮ የሚሰጡት ከሳምንታት በኋላ ነው፣ ዕቃውም ያልቃል። ስትደውሉ የመኪናውን ዓመትና የሞተሩን ዓይነት ያዙ፤ ኮሮላ ሁሉ አንድ ዓይነት ሂተር አይወስድም። ሽቦው ከየት በኩል እንዲወጣም ንገሯቸው። የእኔ በግራ ወጥቶ ምሰሶው በቀኝ ስለሆነ ሽቦዬ በየቀኑ መኪናዋን ይዞራል።